የወደቀ እንጨት የማን ነው?

ስምንት ሆነን ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄደን ሁለት ሌሊት ልናድር ተስማማን፤ ፈተናው እንዳለቀ፣ ኅዳር ውስጥ። ጸሐፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ይነበባል ተብሎ እንጂ በሌላ ችሎታ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ጥግ ይዘን ዝርዝር ማውጣት ጀመርን። ድንኳን 2፣ ብርድ ልብስ 8፣ ድስት፣ ማንቆርቆሪያ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ የእጅ ባትሪ፣ ገመድ፣ ክራር። 12ኛው ተራ ላይ «እንጨት» ብዬ ጻፍሁ።

«እንጨት ደግሞ ምን ያደርጋል? ደን አይደል እንዴ የምንሄደው!» አለ ክራሩን የሚያመጣው ልጅ። ሁላችንም ሳቅን።

ከአሁን ቀደም እንዲህ ላለ ጉዞ ወጥቶ የሚያውቅ አንድ ጓደኛችን አከለበት፦ «እኛ ያኔ ከወደቀው ለቃቅመን ነው ያነደድነው። ማንም ምንም አላለንም።»

ከስምንታችን መካከል ብዙ የማትናገር አንዲት ልጅ አለች። ሻይዋን እያማሰለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እናቴን ግን ይሏት ነበር» አለች።

ምን ይሏት እንደ ነበር ማናችንም አልጠየቅናትም። መጠየቅም አያስፈልግም ነበር። ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ሁሉ ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርዱትን ሴቶች አይቷል። ጀርባቸው ላይ ያለው ሸክም ከቁመታቸው ይበልጣል፤ 30 ወይም 40 ኪሎ መሸከም ለእነሱ ብርቅ አይደለም። ፊታቸው አይታይም፤ ጎንበስ ስላሉ የሚታየው ቅጠሉና እግራቸው ነው። እኛም የምናያቸው እንደ መንገዱ አካል አድርገን ነው፤ ወደ ክፍል ስንሮጥ አንዷን ላለመግፋት ዞር ብለን እናልፋለን፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የልጅቱ እናት ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ነበረች። ለዓመታት።

የዚያን ዕለት ዝርዝሩ 12ኛው ተራ ላይ ቆሞ ቀረ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ጥያቄው ተራ ይመስላል፦ የወደቀ እንጨት ለቅሞ ማንደድ ምን ኃጢአት አለበት? ነገር ግን ያንኑ ጭራሮ እሷ ስታነሣው ስርቆት፣ እኛ ስናነሣው ጨዋታ የሚሆነው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ማስረዳት የሚችል ሰው ካለ እባካችሁ ለቡለቲኑ ይጻፍ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ስለ ጉዞው ለእናቴ የነገርኋት ዕለት መጀመሪያ አልገባትም። «ካምፕ» የሚለው ቃል ለእሷ ትውልድ ወይ የወታደር ነው፣ ወይ የተፈናቃይ ነው። ድንኳንም በሰፈራችን የሚተከለው ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ነው። ብዙ ካስረዳኋት በኋላ ትክ ብላ አየችኝና «ቤት እያላችሁ?» አለችኝ። ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። ቤት ያለው ሰው ብቻ ነው ለደስታው ሲል ውጭ የሚያድረው፤ ቤት የሌለው ያድራል እንጂ «ካምፕ ወጣሁ» አይልም። እንግዲህ እንጨቱም ሳይሆን አይቀርም እንዲሁ የሆነው። ምድጃ ያለው ሲያነድደው ትዝታ ይሆናል፣ ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ስታነሣው ወንጀል ይሆናል።

ወደ ክርክራችን ልመለስ። በሚቀጥሉት ቀናት ስምንታችንም ስንገናኝ ስለዚህ ከማውራት ሌላ ሥራ አጣን። ጓደኞቼ ያቀረቡትን ሙግት ሳላጎድል ልዘርዝር፤ እኔም ከግማሹ ጋር ተስማምቼ ነበርና።

አንደኛው ሙግት «እኛ የምንወስደው ጥቂት ነው» የሚል ነው። እውነት ነው? የካምፕ እሳት እንደ ማጀት እሳት አይደለም። የማጀት እሳት ሦስት ጉልቻ መካከል ታፍኖ፣ ጭራሮው በቁጥር እየገባ፣ ወጥ ለማብሰል ብቻ የሚነድ ነው። የካምፕ እሳት ግን እንዲያምር ነው የሚነደው፤ ትልቅ ካልሆነ አያምርም። ሁለት ሌሊት ሙሉ እሱን ማንደድ ከአንዲት ሴት ሸክም ያነሰ ይፈጃል ብዬ አላምንም። እሷ በዚያ ሸክም ምናልባት የሦስት ቤት እራት ታበስላለች፤ እኛ ዘፈን እንዘፍንበታለን።

ሁለተኛው «እኛ አንድ ጊዜ ነን፣ እነሱ በየቀኑ ናቸው» ይላል። ይሄ ሙግት መጀመሪያ ላይ አሸንፎኝ ነበር። በኋላ ግን የፍልስፍና መምህራችን ሲደጋግሙልን የኖሩት የካንት ጥያቄ ትዝ አለኝ፦ የምታደርገውን ነገር ሁሉም ሰው ሕግ አድርጎ ቢይዘው ምን ይሆናል? «እኛ አንድ ጊዜ ነን» የሚል እንግዳ በየሳምንቱ አለ። ደኑ እኛን በስም አያውቀንም፤ ዛሬ የመጣውን ቡድን ባለፈው ሳምንት ከመጣው አይለይም። ለደኑ እኛም በየቀኑ ነን።

ሦስተኛውን ሙግት ያነሣው በጣም የምወደው ጓደኛዬ ስለ ሆነ በርኅራኄ ልመልስለት እፈልጋለሁ። «እኛ ደኑን እንወደዋለን፤ እነሱ ይጨርሱታል» አለ። ፍቅራችንን አልክድም። ግን እስቲ ራሳችንን እንፈትን። ሱባ ስንደርስ ጥዱን ከዝግባው፣ ወይራውን ከኮሶው ለይቶ የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት ነው? እኔ በበኩሌ ጥድ የማውቀው በገና ዛፍነቱ ነው። እናቷ ግን የትኛው እንጨት ሳይጨስ እንደሚነድ፣ የትኛው ጢሱ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ የትኛው ቀላል መስሎ ሸክም ላይ እንደሚከብድ ታውቃለች። ያንን ዕውቀት ያስተማራት ፍቅር አይደለም፣ ልክ ነው፤ ችግር ነው። ነገር ግን ስሙን የማላውቀውን ዛፍ እወደዋለሁ ብዬ፣ በስሙ የምትጠራውን ሴት ጠላቱ ማድረግ ትንሽ ያሳፍራል።

አራተኛውን «እኛ ከፍለን ነው የምንገባው» የሚለውን አልቆይበትም። የመግቢያ ክፍያ ለመግባት ነው። በዚያ ላይ አንድ ነገር ገንዘብ ላለው የተፈቀደ፣ ለሌለው የተከለከለ ከሆነ፣ የተከለከለው ነገር እንጨት መልቀም አይደለም ማለት ነው፤ ድህነት ነው።

እስከዚህ ድረስ ስጽፍ ብዕሬ ይፈጥን ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ምክንያቱም ደኑ ዛሬ የኖረው በክልከላ ነው።

የሱባን ታሪክ ለማያውቁ በአጭሩ፦ ደኑ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሰበታ በኩል የሚገባበት፣ 3,385 ሜትር ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘርና ችግኝ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከዚያም ዐፄ ምኒልክ እንዳይቆረጥ አስጠበቁት። የምኒልክን ነገር ስናስብ የዋና ከተማዋን ችግር አብረን ማሰብ አለብን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረውን እንጨት ብዙም ሳትቆይ በላችው፤ ለምድጃም፣ ለቤትም፣ ለአጥርም። ማገዶ ከመራቁ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሥተው ነበር። ለቤተ መንግሥት ብለው ያስጀመሩት ሕንፃ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬም የአዲስ ዓለም ማርያም ናት። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ማለትም እኒያ ሴቶች በየቀኑ የሚሸከሙት ያ ቅጠል ከተማይቱ እስከ ዛሬ እዚህ ያለችበት ምክንያት ነው። እኛም የምንማርባት።

ስለዚህ «ክልከላ የገዢዎች ተንኮል ነው» ብዬ ጽሑፌን እዚህ ላይ በጭብጨባ ልደመድም አልችልም። የ1960ዎቹ ተማሪ ብሆን ምናልባት እደመድም ነበር፤ ማስረጃም አላጣም። ካርል ማርክስ የ24 ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ በ1842 እ.ኤ.አ. በኮሎኝ በሚታተም ጋዜጣ የጻፈው ስለዚሁ ስለ ወደቀ እንጨት ነበር። የራይን አውራጃ ምክር ቤት ድሆች ከጥንት ጀምሮ በልማድ ሲለቅሙት የኖሩትን ጭራሮ «ስርቆት» ብሎ ሊያስቀጣ ሕግ ያረቅ ነበርና ማርክስ ተቆጣ። ከዛፉ የተለየ ቅርንጫፍ የዛፉ ባለቤት ንብረት መሆኑ አብቅቷል ነው የነገሩ ፍሬ። ከዚያም በፊት፣ በ1217 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዞች «የደን ቻርተር» በተባለ ሰነድ በንጉሡ ደን ውስጥ ማገዶና ግጦሽ የማግኘት መብት ለነጻ ሰዎች አስጽፈዋል። ነጻ ላልሆኑት አይደለም እንግዲህ፤ እሱንም ልብ በሉ። ብቻ፣ የወደቀ እንጨት ጉዳይ የልጅ ጨዋታ ያልመሰላቸው ሰዎች ከእኛ በፊት ነበሩ።

ሆኖም በዚያ ክርክር ውስጥ ያልተጠራ አንድ ወገን አለ። የወደቀ እንጨት ለማንም የማይጠቅም ትርፍ አይደለም። ግንዱ ወድቆ ሲበሰብስ ምስጥና ጢንዚዛ ይገባበታል፣ እንጉዳይ ይበቅልበታል፣ ወፍ ከውስጡ ትል እያወጣች ጫጩቶቿን ታበላለች፣ በኋላም አፈር ሆኖ ለሚቀጥለው ችግኝ እርጥበት ይይዝለታል። ማርክስ ያልጠየቀው ባለመብት ይኸው ነው። ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ጭራሮዋን ከሱባ ትልቀም ብንል ጉሬዛውም ድኩላውም የሚደበቅበት ዓመት አይቆይም። እንግዲህ ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ቆሙ፦ ሴቲቱ የምታበስልበት ያስፈልጋታል፤ ደኑም የወደቀው ያስፈልገዋል። አንዱን ውሸት አድርጎ መገላገል ቀላል ነበር።

ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ በ1968 እ.ኤ.አ. በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ፣ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ነው፤ ወይ መንግሥት ይጠብቀው ወይ የግል ይሁን አለ። ይህ አባባል ብዙ ሰው አሳምኗል፣ እኔንም ጭምር። የመንዝ ጓሳን ታሪክ እስካነብ ድረስ።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ቦታ ላይ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ሣራማ አምባ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለብዙ ነገር ይሆናል። የአገሩ ሰው ይህን አምባ ለ400 ዓመት ያህል በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። አለቃውን ራሱ ይመርጣል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማጨድ የሚፈቀድበት ጊዜ ሲደርስ ቀኑ ታውጆ ሁሉም በአንድነት ይገባል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። እንግዲህ እዚያም ክልከላ ነበር፤ ጽኑ ክልከላ። ልዩነቱ የሚከለከሉትና የሚከለክሉት አንድ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ የዘጋው ሰው ቤትም ያፈስሳል። እርግጥ ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ መብቱ በአጽመ ርስት ትውልድ የሚቆጠር ስለ ነበር ከዚያ ዘር ያልሆነው ውጭ ቀርቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ያንን ርስት ሲሽር ግን የሣሩም ሥርዓት አብሮ ፈረሰና አምባው ለጊዜው ባለቤት አጣ። «መሬት ላራሹ» ብለው የጮኹ ታላላቆቻችን ስለ ጓሳ ሣር ያሰቡ አይመስለኝም። አልወቅሳቸውም። ፍትሕን ሲፈልጉ ሌላ ትንሽ ፍትሕ ረገጡ፤ ይህ በእኛም ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ደግነቱ የአካባቢው ሰው በኋላ እንደገና ተሰባስቦ ጥበቃውን አንሥቷል።

ከዚህ በመነሣት የማምነውን ልናገር። ክልከላ ሁሉ ግፍ አይደለም። ግፍ የሚሆነው ከታች ሲጀምር ነው። ሌላ አማራጭ ያለው ሰው መጀመሪያ ራሱን ካልከለከለ፣ አማራጭ የሌላትን የመከልከል ሥልጣን ከየት ያመጣል? እኛ ስምንታችን ኅዳር ላይ ሱባ ውስጥ እሳት ባናነድድ ይበርደናል እንጂ አንራብም። በአንድ ቦታ፣ የት እንደ ሆነ አልናገርም፣ አንዲት ሴት ሸክሟን እንድታወርድ ሲደረግ አይቻለሁ። ገመዱን ስትፈታ እጇ አልተንቀጠቀጠም፣ አላለቀሰችም፤ ለብዙኛ ጊዜ የምትሠራው ሥራ ይመስል ነበር። አስወራጁም ክፉ ሰው አይመስልም፤ ደሞዙ ነው። እንደ ሕጉ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን በዚያው ሳምንት እዚያው ቦታ እሳት ዙሪያ ተሰብስበው እየሳቁ ፎቶግራፍ የተነሡ ወጣቶችን ባላይ ኖሮ፣ ሕጉ ልክ ነው የሚለውን እስከ ዛሬ አምን ነበር።

ይህንን ሁሉ በቃሌ አዘጋጅቼ፣ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ተናገርሁ። ከዚያ ምን እናድርግ ወደሚለው ገባን። አንዱ ከሰል ይዘን እንሂድ አለ። ከሰሉ ከስምጥ ሸለቆ ግራር አይደል የሚከሰለው፤ የሱባን ዛፍ አዝኖ የሌላውን ማንደድ ምን ዋጋ አለው ተባለና ወደቀ። ሌላው ደግሞ ከሴቶቹ አንድ ሸክም ገዝተን እንሂድ አለ። እኔ ይሄኔ ዘልዬ ተነሣሁ። ያንን ሸክም ገዝቶ ለጨዋታ ማንደድ ነውር ነው፣ በጀርባዋ ላይ መዝፈን ነው፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው አልሁ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን አትገዙም?» አለች። «እናቴ ገበያ ቆማ የሚገዛት ስታጣ ነበር የምታለቅሰው። ሰዎች እያዘኑላት ያልፋሉ። ሐዘን ደግሞ ሸክም አያወርድም። ሳይሸጥላት ሲመሽ መልሳ ትሸከመዋለች።»

ዝም አልን። እኔ በተለይ። እዚያ ላይ የነበረኝ መልስ ሁሉ የመጽሐፍ መልስ ሆነብኝ። እስካሁንም አልመለስሁላትም፤ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። እሷ ካለችው ላይ እጄ የሚደርሰው ይህን ያህል ነው፦ ሸክሙን የምትሸጠው ሴት እኔ ንጹሕ ሆኜ በማለፌ የምታገኘው ነገር የለም፤ ጠቀሜታው ለእኔ ነው። ይህ ማለት ግን እሳቱ ልክ ነው ማለት ነው? አይደለም፤ ደኑ አሁንም እዚያው ነው፣ የምትገዛው ሸክም ነገ በሌላ ሸክም ይተካል። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልሁም። ከእሷ ጋር ሆኜ ስከራከር ደኑ ይወቅሰኛል፣ ከደኑ ጋር ስሆን እሷ ታየኛለች።

«ደግሞስ» አለች በኋላ፣ የእኔን ዝምታ አይታ ይመስለኛል፣ «ወደ ደን እንጨት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው እናቴ ብታይ በሳቅ ትሞታለች።» ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ሳቀች።

እንግዲህ የመጨረሻው ዝርዝር ይህን ይመስላል። «እንጨት» የሚለው ተሰርዟል። ለሻይና ለሽሮ ከአንዱ ቤት ትንሽ ቡታጋዝ ይመጣል። ብርድ ልብስ 8 የነበረው 16 ሆኗል። ድንኳኖቹ ተገኝተዋል፤ አንደኛው የዕድር ስለ ሆነ ለቅሶ ካልደረሰ በስተቀር። ገመድ ማን ያመጣል ሲባል ልጅቱ «እኛ ቤት ሞልቷል» አለችና ስሟን በገመድ ትይዩ ጻፍሁ። ክራሩን የሚያመጣው ልጅ ግን አሁንም አኩርፏል፤ ያለ እሳት ጣቴ ደርቆ እንዴት አድርጌ ነው የምመታው ይላል። ጓንት አድርግ ብንለው ይባስ ተቆጣ።